ወደ ቤት የማይገቡ ድመቶች እና የሩቅ አሳዳጊዎቻቸው

በኢጣልያ ዋና ከተማ በሮም መካከል፣ ከመንገዱ ወለል ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብሎ፣ ላርጎ ዲ ቶሬ አርጀንቲና የተባለ የፍርስራሽ ስፍራ ይገኛል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተቆፍሮ የወጣው ይህ ቦታ የአራት ጥንታውያን ቤተ መቅደሶችን ቅሪት ይዟል፤ ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የተገደለበት አዳራሽም በዚሁ አካባቢ ነበር። ይሁን እንጂ አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል ከሚመለከተው መንገደኛ ብዙው የሚፈልገው ቄሣርን ሳይሆን በዓምዶቹ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን ድመቶች ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በዚህ ስፍራ የድመት መጠለያ ያካሂዳሉ። ጤነኛና ለማዳ የሆኑትን ወደ ቤት ለሚወስዳቸው ይሰጣሉ። ለቀሩት ደግሞ «የሩቅ ጉዲፈቻ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው አሠራር አለ። ደጋፊው አንዲት ድመት ይመርጣል፤ በስሟ ገንዘብ ይልካል፤ እርሷ ግን ካለችበት አትነሣም። በአገራችን ብዙ ሕፃናት ፊቱን አይተው በማያውቁት የሩቅ ረዳት ድጋፍ ስለ ተማሩ አሠራሩ ለአንባብያን እንግዳ አይሆንም።

ታዲያ እነዚህ ድመቶች ስለ ምን ቤት አያገኙም? መልሱ በአብዛኛው በሥነ ሕይወት ውስጥ ነው።

የድመት ግልገል ከሰው ጋር የምትላመደው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህም በግምት ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ዕድሜዋ ነው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የተካሄዱ ሙከራዎች ይህንን በግልጽ አሳይተዋል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሰው እጅ የተዳሰሱ ግልገሎች፣ ዘግይተው በሰባተኛው ሳምንት ከተጀመሩት ይልቅ በሰው ጭን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጠዋል። ያ ጊዜ ሰው ሳይነካት ካለፈ ድመቷ ካደገች በኋላ ሰውን የምታየው እንደ ጠላት ነው። እንዲህ ያለችውን በክፍል ውስጥ ዘግቶ ማኖር ደግነት ሊመስል ይችላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከእስር አይሻልም።

ሁለተኛው ምክንያት በሽታ ነው። በ1964 በስኮትላንድ በግላስጎው የተገኘው የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ በምራቅ ይተላለፋል፤ እርስ በርስ መላላስና በአንድ ሳሕን መብላት ለመተላለፉ ይበቃሉ። ስለዚህ ተሸካሚዎቹ ከሌሎቹ ተለይተው መኖር ይገባቸዋል። በ1986 በካሊፎርኒያ የተለየው ኤፍ.አይ.ቪ. ደግሞ የኤች.አይ.ቪ. የሩቅ ዘመድ ሲሆን የሚተላለፈው በዋናነት በንክሻ ነው። ሰውን ፈጽሞ አይዝም፤ የያዛት ድመትም ለብዙ ዓመታት ጤነኛ ሆና ልትኖር ትችላለች። ነገር ግን ስሙን የሰማ ሰው ይሸሻታል። ዕውሮቹ፣ አካል ጉዳተኞቹና ያረጁትም እንዲሁ ይቀራሉ።

በብዙ አገሮች የእነዚህ ዕጣ በመርፌ መገደል ነው። የኢጣልያ ሕግ ቁጥር 281 የ1991 ግን በነፃነት የሚኖሩ ድመቶች መክነው ወደ መንጋቸው እንዲመለሱ ያዛል፤ በጽኑ ካልታመሙ ወይም የማይድን ደዌ ካልያዛቸው በቀር መግደልን ይከለክላል። ሕጉ ሕይወታቸውን አተረፈ፤ ቀለባቸውንና መድኃኒታቸውን የመሸፈኑ ሥራ ግን በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ላይ ወደቀ። የሩቅ ጉዲፈቻ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ድመት ከ6 ወር ገደማ ጀምራ ልትፀንስ ትችላለች፤ የእርግዝናዋ ጊዜ ከሁለት ወር ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ጊዜም አራት ያህል ግልገሎችን ትወልዳለች። ስለሆነም የጎዳና ድመቶችን ቁጥር የሚቀንሰው የማምከን ቀዶ ጥገና እንጂ አንዲትን ዕውር ድመት መቀለብ አይደለም። ዳሩ ግን የሰውን ልብ የሚያራራው የዕውሯ ፎቶግራፍ ነው፤ ለቀዶ ጥገና ቢላዋና ለማደንዘዣ በደስታ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው! በመሆኑም ብዙ መጠለያዎች በአንዲት ድመት ስም የገባውን ገንዘብ በአንድ ቋት አድርገው ለሁሉም ያውሉታል። ይህ ነውር አይደለም፤ ለደጋፊው አስቀድሞ ሊነገረው ግን ይገባል።

ደጋፊውም በበኩሉ ሊያስብበት የሚገባው የጊዜ ስሌት አለ። በደንብ የተያዘች ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። ዛሬ በሁለት ዓመቷ የተመረጠች ድመት፣ የዛሬው ተማሪ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ልጆች ወልዶ ሳለ፣ የጆሮዋ ጫፍ የመምከኗ ምልክት ሆኖ እንደ ተቆረጠ፣ በዓምዶቹ መካከል ገና የዕለት ቀለቧን ትጠብቃለች።