የቤት ኪራይና የመንገድ ወጪ በአዲስ አበባ

በትልቅ ከተማ ሥራ ይዞ የሚኖር ሰው ወር በገባ ቁጥር ሁለት ዕዳዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የቤት ኪራይ ነው፤ ሁለተኛው ከቤቱ ወደ ሥራው፥ ከሥራውም ወደ ቤቱ ለመመላለስ የሚከፍለው የመንገድ ወጪ ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ለየብቻቸው ያስቧቸዋል። ኪራዩ በአንድ ጊዜ ከእጅ ስለሚወጣ ይከብዳል፥ ይነገራል፥ ያስጨንቃል፤ የታክሲው ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ስለሚሄድ ሳይታወቅ ያልቃል። ነገር ግን ሁለቱ ወጪዎች የአንድ ሒሳብ ሁለት ገጾች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በቁጥር አስደግፎ ማስረዳት ነው።

ነገሩ እኛን ተማሪዎችንና ወላጆቻችንን በቅርብ ይመለከታል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መሄዳቸው አይቀርም። ወላጆችም «ልጄ ሥራ ያዘ» ብለው ከተደሰቱ በኋላ፥ ልጁ ምንም ሳይልክ ወራት ሲያልፉ ማዘናቸው የታወቀ ነው። አንዳንዱ ልጅ በእርግጥ አባካኝ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ደመወዙን የበሉት ቤቱና መንገዱ ናቸው።

ለመሆኑ በመካከል ከተማ ቤት የሚወደደው ስለ ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ ግልጥ ያለ መልስ ከሰጡት አንዱ ዮሐን ሃይንሪኽ ፎን ቱነን የተባለ ጀርመናዊ የእርሻ ባለቤትና የኢኮኖሚ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1826 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ለገበያ ቅርብ የሆነ መሬት ኪራዩ ከፍ የሚለው የማጓጓዣን ወጪ ስለሚያስቀር ነው። ከገበያው በራቀ መጠን ማጓጓዣው ትርፉን ስለሚበላው ኪራዩ ዝቅ ይላል። በ1964 ደግሞ፥ አሁንም በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ዊልያም አሎንሶ የተባለ ሊቅ ይህንኑ አሳብ ለዘመናዊ ከተማ ተጠቀመበት። በከተማ የሚጓጓዘው እህል ሳይሆን ሠራተኛው ራሱ ነው። ስለዚህ በመካከል ከተማ የሚኖር ሰው የሚከፍለው ኪራይ ለጣራና ለግድግዳ ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ ከውስጡ አንዱ ክፍል አስቀድሞ የተከፈለ የታክሲ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ደንብ በአዲስ አበባ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ፥ የቀበሌ ቤት የሚባሉት ቤቶች በጣም ዝቅተኛ በሆነ ኪራይ ለብዙ ዓመታት ቆዩ። ቤቶቹ ያረጁና የተጣበቡ ቢሆኑም፥ ብዙዎቹ የሚገኙት በመካከል ከተማ ስለ ነበረ ድኻው ሠራተኛ በእግሩ ወደ መርካቶ፥ ወደ ፒያሳ ወይም ወደ ካዛንቺስ ሄዶ ይሠራ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሥራ ሲጀመር ግን፥ ሰፋፊዎቹ ሰፈሮች ባዶ ቦታ በሚገኝበት በከተማው ዳርቻ ተሠሩ፤ የካ አባዶ፥ ቦሌ አራብሳና ቱሉ ዲምቱ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በመካከል ከተማ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች በመልሶ ማልማት፥ በኋላም በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሲነሡ፥ ብዙ ሕዝብ ወደ ዳር ሄደ። ቤቱ ወደ ዳር ሲሄድ አብዛኛው ሥራ ግን በመካከል ቀረ። በቤቱና በሥራው መካከል ያለው ርቀት በየቀኑ ዋጋ የሚያስከፍለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ርቀቱን ለማቃለል የተሠራ ሥራ የለም አይባልም። የአንበሳ አውቶቡስ ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሕዝቡን ሲያመላልስ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የቀላል ባቡር አገልግሎት በሁለት መስመር ሥራ ጀመረ፤ አንደኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ እስከ ቃሊቲ፥ ሁለተኛው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ሲሆን፥ የሁለቱ ርዝመት በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ለብዙ ሠራተኛ እፎይታ ሆኖ ነበር፤ በኋላ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ ዕቃ እጦት ስለ ቆሙ ጥበቃው ረዘመ። የቀረው ሸክም የወደቀው በሚኒባስ ታክሲ ላይ ነው። ታክሲ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ረጅም መንገድ በሁለትና በሦስት ታክሲ ስለሚከፋፈል፥ በሰልፉ ሰዓትም አንዳንዱ ባለታክሲ መንገዱን ቆርጦ ስለሚጭን፥ ተሳፋሪው ለአንድ ጕዞ ደጋግሞ ይከፍላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቀጥሎ ያሉት ቍጥሮች ለማስረጃ ያህል የታሰቡ ናቸው፤ ዋጋ ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ጊዜና በራሱ ሰፈር ባለው ዋጋ ይተካቸው።

ሦስት ሠራተኞች አሉ እንበል። ሦስቱም ሜክሲኮ አጠገብ በወር 26 ቀን ይሠራሉ፤ እያንዳንዳቸው ግብሩ ከተቀነሰ በኋላ 9,000 ብር በእጃቸው ይገባል። የመጀመሪያው ለሥራው ቅርብ የሆነ አንድ ክፍል ቤት በ5,000 ብር ተከራይቶ በእግሩ ይሄዳል። ሁለተኛው በከተማው ዳር በ3,000 ብር ተከራይቷል። ከሰፈሩ እስከ ዋናው መንገድ፥ ከዚያ እስከ መገናኛ፥ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ሦስት ታክሲ ይይዛል። ለአንዱ ታክሲ 15 ብር ቢከፍል፥ ደርሶ መልስ 90 ብር፥ በወር 2,340 ብር ይሆናል። ኪራዩ ሲደመርበት 5,340 ብር ነው። እንግዲህ «ርካሽ ቤት አገኘሁ» ያለው ሰው ውድ ቤት ከያዘው ጓደኛው 340 ብር አብልጦ ከፈለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሠራተኛ በዚያው በዳር ሰፈር በ3,000 ብር ይኖራል፤ ነገር ግን በከተማ አውቶቡስ ደርሶ መልስ በ20 ብር ይመላለሳል። የእርሱ የመንገድ ወጪ በወር 520 ብር፥ ጠቅላላው 3,520 ብር ነው። ከመጀመሪያው ሰው 1,480 ብር ያተርፋል። ገንዘቡን ብቻ ካየን አሸናፊው እርሱ ነው።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ቀላል ደንብ ይገኛል። በቅርቡና በሩቁ ቤት ኪራይ መካከል ያለውን ልዩነት ለሥራ ቀኖች ቍጥር እናካፍል። በምሳሌያችን ልዩነቱ 2,000 ብር ነው፤ ለ26 ሲካፈል 77 ብር ያህል ይደርሳል። የቀኑ የደርሶ መልስ ወጪ ከ77 ብር ከበለጠ የሩቁ ቤት ርካሽነት በስም ብቻ ነው። ከ77 ብር ካነሰ ግን በእርግጥ ትርፍ አለው።

ይሁን እንጂ ከገንዘብ በቀር ሌላ የሚከፈል ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። በእግሩ የሚሄደው ሠራተኛ በቀን 40 ደቂቃ ቢፈጅ፥ በወር 17 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። በአውቶቡስ የሚመላለሰው ሰልፉ ተጨምሮ ለአንድ ጕዞ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፥ በወር 104 ሰዓት በመንገድ ያሳልፋል። ልዩነቱ 86 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ ይህ ሠራተኛ በወር ወደ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ የሥራ ጊዜ ደመወዝ በማይከፈልበት መንገድ ላይ ይጨርሳል። ያተረፈው 1,480 ብር ለነዚህ ሰዓቶች ሲካፈል ለአንዱ ሰዓት 17 ብር ያህል ይደርሰዋል፤ አሠሪው ግን ለአንዱ ሰዓት 43 ብር ያህል ይከፍለዋል።

ይህ ማለት ሁሉም ሰው በቅርብ ይከራይ ማለት አይደለም። ጊዜ ዋጋ የሚኖረው ለቁም ነገር ሲውል ነው። የማታ ትምህርት የሚማር፥ ሌላ ሥራ የሚሠራ ወይም የታመመ ዘመድ የሚያስታምም ሰው በሰዓቶቹ ብዙ ይጠቀማል፤ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው የሌለው ግን ገንዘቡን ቢያስቀር ይሻለዋል። ደግሞም ቤተሰቡ ለቀለብ የሚጠብቀው ሰው ሰዓቱን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ሒሳብ አያውቅም ብሎ መውቀስ አይገባም፤ ሒሳቡን አውቆ ምርጫ ያጣ ነውና።

ደግሞ በቍጥር የማይገለጡ ነገሮች አሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከታክሲ ወርዶ ጨለማ መንገድ መሄድ፥ ይልቁንም ለእኅቶቻችን፥ በብር የማይመዘን ሥጋት ነው። በክረምት ዝናብ ሰልፍ መጠበቅ፥ አርፍዶ በአለቃ መገሠጽ፥ ምሳን በቤት መብላት ባለመቻል በየቀኑ ከምግብ ቤት መግዛት፥ እነዚህ ሁሉ በሩቁ ቤት ሒሳብ ላይ መጨመር ይገባቸዋል።

ለብቸኛ ሠራተኛ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ደባል መያዝ ነው። የ5,000 ብሩን ቤት ሁለት ጓደኞች ቢከራዩት ለእያንዳንዳቸው 2,500 ብር ይደርሳል፤ የመንገድ ወጪም የለባቸውም። ይህም ከላይ ከቈጠርናቸው ከሦስቱም ያነሰ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በከተማ ኑሮም ይሠራል። ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ ሰው ግን ሌላም ነገር ማስተዋል አለበት። ኪራይ የሚከፈለው በቤት ሲሆን የታክሲ ዋጋ የሚከፈለው በሰው ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩ፥ ልጆቹም በሩቅ የሚማሩ ከሆነ፥ ከላይ ያለው የመንገድ ሒሳብ በተጓዦቹ ቍጥር ይባዛል።

ሁለቱ ወጪዎች ተደምረው ከደመወዝ ስንቱን እጅ ቢወስዱ ይገባል? በአሜሪካ በቺካጎ የሚገኝ አንድ የከተማ ኑሮ አጥኚ ድርጅት፥ ቤትና መንገድ በአንድነት ከቤተሰብ ገቢ ከመቶ 45 እጅ እንዳይበልጡ ይመክራል። ልኩ የተሠራው ለዚያ አገር ቢሆንም፥ ሁለቱን ደምሮ መመልከቱ ለእኛም ይጠቅማል። ከ9,000 ብር ከመቶ 45 እጅ 4,050 ብር ነው። በምሳሌያችን ከዚህ በታች የቆዩት በአውቶቡስ የሚመላለሰውና ደባል የያዙት ብቻ ናቸው።

በመጨረሻም ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በቃል ብቻ የሚከራይ ሰው ግን ይህንን ጥበቃ ለማስረዳት ይቸገራል። ኪራዩ በድንገት ሲጨመርበት ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል፤ ዕቃ ማጓጓዣና የደላላ ዋጋ እንደ ገና ይከፍላል።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፥ ቤት ለመከራየት የምትነሡ ሁሉ አስቀድማችሁ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ቤቱን በእሑድ ቀን አይታችሁ አትወስኑ፤ በእሑድ መንገዱ ባዶ ነው። በሥራ ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ከቤቱ በር ተነሥታችሁ እስከ ሥራችሁ ሂዱና ስንት ታክሲ እንደ ያዛችሁ፥ ስንት ብር እንደ ከፈላችሁ፥ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀባችሁ ጻፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፥ የአንድ ጧት ድካም የሁለት ዓመት ጸጸት ያድናል። የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፥ እናንተም ልጃችሁ ሥራ መያዙን ስትሰሙ «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ቤትህ ከሥራህ ምን ያህል ይርቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ሊልክላችሁ የሚችለው በሁለተኛው ጥያቄ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነውና።