ከጋፋት የተነሣ የደራሲ ዘር

ጋፋት ሲባል የደብረ ታቦር ሰው የሚያስበው በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተሠራውን «ሴባስቶፖል» መድፍ ነው። እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን ከዚያው መንደር የሚመዘዝ የአንድ ደራሲ ዘር እንነግራለን።

ከመድፍ ሠሪዎቹ አንዱ፥ የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትስ ሆል፥ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ከኢትዮጵያዊት እናት የወለዳትን ካታሪናን አገባ። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ኢዮጴ ወደብ ተሻገረ፤ ልጃቸው ማግዳሌናም የሩሲያውን ባላባት ፕላቶን ኡስቲኖቭን አገባች።

የማግዳሌና የልጅ ልጅ ሰር ፒተር ኡስቲኖቭ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ለንደን ተወለዱ። ተውኔትም ልብ ወለድም ጻፉ፤ «ተሸናፊው» የተባለው ልብ ወለዳቸው በ1961 ታተመ። በትወናም ሁለት ጊዜ ኦስካር ተሸልመው በ2004 ዐረፉ።

መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ጋፋትን የሚጐበኙ ልጆቻችን ከመድፉ ጋራ የደራሲውንም ስም ቢሰሙ መልካም ነው እንላለን።