የታመመ ልጅ ያላት እናት እና የሰው እጅ

ዓርብ ዓርብ መሳይሚር ካለው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ስንወጣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ማዳምና ስለ ሐዋላ በሰፊው እናወራለን። ልጅዋ የታመመባት እናት ግን ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች። አንዷ የሰው እጅ ማየትን ትጠላለች፤ ሌላዋ ሐሜቱን ትፈራለች፤ አንዳንዷም ሕመሙን የራስዋ ኃጢአት ቅጣት አድርጋ ትቆጥራለች። ለዚህ ለመጨረሻው ጌታችን ራሱ መልስ ሰጥቶበታል፤ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠይቁት በልጁም በወላጆቹም አላሳበበም (ዮሐ. ምዕ. 9)።

በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚያንገላታውን የልብ በሽታ እንውሰድ። በቶንሲል ይጀምራል። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያመጣል፤ ሲደጋገምም የልብን በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸውን፣ ያበላሻል። የሚታዘዘው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ ያውም ለዓመታት። መርፌው ከተዘለለ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል።

እናቲቱ ዶሐ፣ ልጁ ደሴ ከአያቱ ጋር ነው እንበል። የሚቸግረው የመርፌው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አያት ተክቶ ልጁን ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ ቀኑን የሚያስታውስ፣ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ሲሄድ የሚያሳድረው ማን ነው? ይህን ሪያል ብቻውን አይሠራውም። በቅፍርናሆም ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣራ ነድለው አወረዱት፤ ተሸካሚው አንድ ቢሆን ኖሮ ደጅ ላይ በቀረ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት የሰጠችው ለጥምቀቱ ቀን ፎቶ አይደለም። «መርፌው በ12 ነው፣ አንተ ውሰድልኝ» ብሎ መደወል ልመና አይባልም። ስትጠይቁም ለይታችሁ ጠይቁ፤ «ጸልዩልኝ» ብቻ የተባለች ጎረቤት ጸልያ ዝም ብትል አይፈረድባትም። እዚህም ዕቁብ ያላችሁ፣ ዕጣውን ለቸገራት ማስቀደም የቆየ ልማዳችን ነው። ተቀባይዋ ቀስ በቀስ የምትከፍለው የራስዋ ገንዘብ ስለሆነ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም። መዋጮ ከተሰበሰበ ግን የልጁን ፎቶ በየስልኩ አትበትኑ። ነገ ያድጋል። የሐኪሙን ወረቀት ለንስሐ አባት ማሳየት ይበቃል።

ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን ሲመሠርቱ ሕፃናቱ ወደ ውጭ እየተላኩ ይታከሙ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው በሕዝብ መዋጮና በበጎ አድራጊዎች እርዳታ ነው፤ ለዓመታትም ከውጭ በነጻ የሚመጡ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ሠርተውበታል። በዚያ ደጅ ያለፈ ልጅ ሁሉ የማያውቃቸውን ሰዎች እጅ የተቀበለ ነው፤ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን።

ጸበል የሚያጠጡትን አያት አትከልክሉ፤ ጸበሉ መርፌውን አያስቀርም። ለማዳምም አትደብቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 15፣ ከሳምንታዊው የዕረፍት ቀን ሌላ በዓመት ሦስት ሳምንት ከነደመወዙ ፈቃድ ይሰጣል። የልጁ ቀጠሮ አስቀድሞ ከታወቀ ፈቃዱን ከዚያ ጋር ማስማማት ይቻላል። እስከዚያው አያትየዋ በስልክ «ደኅና ነው» ሲሉ፣ መርፌው የተወጋው በስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ።