የማለዳ ሥራ ቅደም ተከተል

በማለዳ ለሥራ ቅድሚያ መስጠት ማለት፣ ሳይሠራ ቢውል ጉዳት የሚያመጣውን ሥራ ለይቶ ከሌሎቹ በፊት መያዝ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ይህን ቅደም ተከተል የሚያወጣው ዓሣው ራሱ ነው። አጥማጆች ማታ የጣሉትን መረብ ጎህ ሲቀድ ያወጣሉ፤ ቆሮሶውና አምባዛው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ደርሶ ተገፍፎ የሚሸጠው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። መረብ መጠገን ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ዓሣ ግን ከዋለ ይበላሻል።

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሱቅ ለሚከፍት ነጋዴ ወይም ቢሮ ለሚውል ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ የለም። ቅደም ተከተሉን ራሱ ካላወጣ፣ ቀድሞ የደወለው ሰውና የቴሌግራም መልእክቱ ያወጡለታል።

ማለዳ ለዚህ የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው ሰውነት በ24 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር የሚፈጽም ውስጣዊ ሰዓት አለው። የዚህን ሰዓት የዘረ መል አሠራር ያብራሩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሰዓቱን በየዕለቱ የሚያስተካክለው ዋነኛ ምልክት ብርሃን ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሥራ የተቆረጠው ሰዓት ክረምት ከበጋ ሳይለወጥ ሊጸና ይችላል።

ይሁን እንጂ ከእንቅልፍ እንደተነሱ አእምሮ ወዲያው አይነቃቃም። ድንዛዜው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ እንቅልፍ ላልጠገበ ሰው ይረዝማል። ይህ ጊዜ ፊት ለመታጠብና ቁርስ ለማሰናዳት እንጂ ሒሳብ ለመመርመር አይመችም።

ለመምረጥ የሚረዳው መለኪያ አስቸኳዩን ከአስፈላጊው መለየት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በ1954 እ.ኤ.አ. ባሰሙት ንግግር ይህን ልዩነት ከአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት እንደሰሙት ገልጸው ነበር፤ ዘዴው ዛሬ የሚጠራው ግን በእሳቸው ስም ነው። ለምሳሌ ለባለ ሱቁ የስልክ ጥሪ አስቸኳይ ነው። የገቢና የወጪ መዝገቡን ማስተካከል ደግሞ አስፈላጊ ሆኖ ማንም አይጠይቀውም፤ ግብር ማሳወቂያው ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ አስቸኳይም ይሆናል። ያን ጊዜ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይደርሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማታ ሱቅ ወይም ቢሮ ሲዘጋ ለነገ ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ይጻፋል። «ሒሳብ መሥራት» ከማለት «የኅዳርን ደረሰኝ መዝግቦ መጨረስ» ማለት ይሻላል፤ መጨረሻው የታወቀ ሥራ ለመጀመር አያስፈራም። ጠዋት የመጀመሪያው ሥራ እስኪያልቅ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ከእጅ ይርቃል። ሶፊ ለሮይ የተባሉ ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ የዘለለ ሰው ሐሳቡ በከፊል ከፊተኛው ጋር ይቀራል፤ ሁለተኛውንም በደንብ አይሠራውም።

ደንቡ ለሁሉም በአንድ ልክ አይሰፋም። ለባጃጅ ነጂ ማለዳው ራሱ ገበያው ነው፤ ተሳፋሪ ጥሎ መዝገብ ቢያገላብጥ ይከስራል፤ የእሱ ጸጥ ያለ ሰዓት እኩለ ቀን ሊሆን ይችላል። ሌሊት በፈረቃ ያደረ ሠራተኛም ማለዳው የሚጀምረው ተኝቶ ሲነሣ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የምትሸኝ እናት ከሸኘች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት ይመቻታል። ብዙ ወጣቶች ደግሞ አእምሯቸው የሚሰላው ዘግየት ብሎ ነው። ሰዓቱ ከሰው ሰው ቢለያይም መነሻው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዛሬ ሳይሠራ ቢያድር ይበልጥ የሚጎዳው የቱ ነው? መልሱ ማታ ተጽፎ ካደረ ጠዋት በመምረጥ የሚባክን ጊዜ አይኖርም።