መዶሻ የሌለው ሽጉጥ

በሠራዊት ውስጥ የኖረ ሰው ማካሮቭና ቶካሬቭ የተባሉትን ሽጉጦች አይስትም። የሁለቱም መዶሻ ከኋላ ተጋልጦ ይታያል። ወደ ኋላ ተስቦ ከቆመ ሽጉጡ ተቀባብሏል ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ዓይን ብቻ ይበቃል።

እንደ ግሎክ ያሉት አዳዲሶቹ ግን ይህን ምልክት አያሳዩም። መዶሻቸው ቀርቶ፣ ውስጥ የተደበቀ መርፌ በስፕሪንግ ተገፍቶ ጥይቱን ይመታል። ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ የሠራው ሽጉጥ በ1982 (እ.ኤ.አ.) የአገሩ ጦር ትጥቅ ሲሆን በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ አልነበረውም። ሦስት መጠበቂያዎች ውስጥ ለውስጥ ተገጥመውለታል። ከውጭ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው፤ ምላጩ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ፣ ጣት ካልተጫናት ምላጩን አላንቀሳቅስ ትላለች።

ስለዚህ እንዲህ ባለ ሽጉጥ ላይ ምላጭ መነካካት መጠበቂያውንም መነካካት ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ ጥይት እንዳይባርቅ ብሎ ለመሳብ አምስት ኪሎ ከግማሽ ገደማ ኃይል የሚጠይቅ ምላጭ አስገጠመ። የፋብሪካው ግማሹን እንኳ አይጠይቅም። ምላጩ ሲከብድ ግን እጅም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች 16 ጥይት ተኩሰው ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ፤ ያን ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በምላጩ ክብደት ላይ ነበር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) መሥሪያ ቤቱ ለአዲስ ምልምሎች ቀለል ያለውን ፈቀደ።

የሲግ ሳወር ኩባንያ ፒ320 ሽጉጥ ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የአሜሪካ ጦር በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ከመረጠው በኋላ፣ ለሲቪል የተሸጠው ሽጉጥ በተወሰነ ማዕዘን ከኋላው መሬት ላይ ሲወድቅ እንደሚተኩስ ታወቀ። ምክንያቱ ለሰሚ ይገርማል። ሽጉጡ መሬት ነክቶ ሲቆም አካሉ ከባድ የሆነው ምላጭ ጉዞውን ይቀጥልና፣ ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ይሳባል። ያችን የመሃል ምላስም አልነበረውም። ኩባንያው በነሐሴ ወር ምላጩንና አንዳንድ የውስጥ ክፍሎችን በቀላል እለውጣለሁ ብሎ ባለቤቶችን ጠራ። ማለትም ያዳነው መክበድ ሳይሆን መቅለል ነበር።

እንዲህ ያለ ጥሪ የሚደርሰው ሻጩ ለሚታወቅ ዕቃ ነው። በኮንትሮባንድ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት የቱርክ ሽጉጦች መካከል ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ አሉ። ለነዚህ የሚጠራ ኩባንያም፣ ሲወድቁ ምን እንደሚሆኑ የፈተነ ሰውም የለም። ያለ አፎት ወገብ ላይ ሸጉጦ፣ ያውም ጥይት አጉርሶ፣ ሠርግ ቤት መግባት ቁማር ነው።

ሌላው አደጋ ጽዳት ላይ ይመጣል። ግሎክ ለመፍታት ምላጩ መሳብ አለበት፤ ካዝናውን ነቅሎ በርሜሉን ያላየ ሰው፣ ጎርሶ የቀረውን አንድ ጥይት በገዛ ቤቱ ይተኩሳል። ካዝናው መጀመሪያ ይነቀላል፣ ከዚያ ላይኛው አካል ወደ ኋላ ተስቦ በርሜሉ በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። በመውደቁ የተወቀሰው ፒ320 ግን በዚህ በኩል ይሻላል፤ ምላጩ ሳይሳብ ይፈታል።