ከቢሮ የወጣ የዋንዛ ጠረጴዛ

በአዲስ አበባ አንድ ነባር መሥሪያ ቤት ሲታደስ ወይም ሲፈርስ ከውስጡ ብዙ የእንጨት ዕቃ ይወጣል፤ ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ፣ የመዝገብ መደርደሪያ፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን። አቧራ ለብሶ ሲታይ «ማገዶ ነው» የሚለው ይበዛል። እኛም ከዚሁ ወገን ነበርን። ቤት ስናደራጅ ያረጀ የዋንዛ ጠረጴዛ ንቀን፣ የሚያብረቀርቅ የችፑድ ጠረጴዛ ገዛን። ወለል በተወለወለ ቁጥር እግሩ ውሃ እየጠጣ አበጠ፤ በመጨረሻም ተፈረካከሰ። ያ ሁሉ ገንዘብ ባከነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ችፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ አንዴ ካበጠ ወደ ነበረበት አይመለስም። ድፍን ጣውላ ግን ቢቧጨር ይላጋል፤ መገጣጠሚያው ቢላላ በኮላ ይጠብቃል። በዚያ ላይ እንጨቱ እንደ ልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እንግዲያው አሮጌውን ጠረጴዛ ማዳን ዛፍንም ማዳን ነው።

ታዲያ ስንመርጥ ምን እንይ? በመጀመሪያ መሳቢያውን አውጥተን ጠርዙን እንመልከት። ከላይ የሚታየው የእንጨቱ መስመር በጠርዙም ላይ ከቀጠለ ድፍን ጣውላ ነው። ሁለተኛ፣ ጥቃቅን ቀዳዳና አዲስ የእንጨት ዱቄት ካየን ነቀዙ ገና አልለቀቀውምና ቤታችን አናስገባው። ሦስተኛ፣ አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚነሳው ብናኝ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ ቀለም ያልተቀባውን መምረጥ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። የመሥሪያ ቤት ንብረት አማና ነው። «ሊጣል ነው» ብሎ በጓሮ በር ማውጣት ሐላል አያደርገውም። በጨረታ ወይም በባለንብረቱ ፈቃድ፣ በደረሰኝ እንግዛ።

እኛም ከስህተታችን ተምረን ከአንድ ጨረታ አሮጌ የዋንዛ ጠረጴዛ ገዛን። አናጺው ላገው፤ ቫርኒሽ ተቀባ። ትናንት የመዝገብ ክምር የተሸከመው ጠረጴዛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ የልጆቻችን ማጥኛ ሆኗል።