ሁለት ሽቦ፣ ብዙ ሴንሰር፦ የላይብረሪ ግጭት ከእንጦጦ ከፍታ ሲታይ

አይቱሲ የሚባለው የሴንሰሮች የጋራ መስመር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ አንዱ መረጃ ያመላልሳል፣ ሌላው የሰዓት ምት ይሰጣል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያሉ ቺፖችን በጥቂት ሽቦ ለማገናኘት ነበር። ዛሬ በአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ ኤ4 እና ኤ5 በተባሉት ፒኖች ይገኛል። ሴንሰሩን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያግባባው ላይብረሪ ነው። ለየብቻ ሲሞከሩ የሠሩ ሁለት ሴንሰሮች አንድ ላይ ሲገጠሙ ዝም ካሉ ወይም የማይታመን ቁጥር ከሰጡ፣ ችግሩ «የላይብረሪ ግጭት» ይባላል። በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ብልሽቶች ግን ብዙ ናቸው፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም።

ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ጉልላት ከመከፈቱ በፊት እርጥበት፣ ነፋስና ዝናብ መታወቅ አለባቸው። ለዚህ ዓይነት ሥራ ተማሪም ሆነ ባለሙያ የሚሠራው አነስተኛ የአየር ጠባይ መለኪያ ግፊት፣ እርጥበት፣ ሰዓትና ማሳያ ስክሪን በአንድ መስመር ላይ ይሰበስባል። ግጭቱ የሚወለደውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚመረመረው ሽቦው ነው። መስመሮቹን ወደ ላይ የሚስበው ፑል አፕ ሬዚስተር በአብዛኛው በየሴንሰሩ ቦርድ ላይ ተበይዶ ይመጣል። 4.7 ኪሎ ኦም ያላቸው አምስት ቦርዶች በትይዩ ሲያያዙ ጠቅላላው ወደ 940 ኦም ይወርዳል። በ5 ቮልት ይህ ከ5 ሚሊ አምፒር በላይ ያስኬዳል፤ መደበኛ ቺፕ ወደ ታች እንዲስብ የሚጠበቅበት ግን 3 ሚሊ አምፒር ነው። አራተኛው ሴንሰር እስኪጨመር ሁሉም ደህና ሠርቶ በአምስተኛው የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ላይብረሪ መቀያየር ምንም አይፈይድም።

ቀጥሎ አድራሻ ነው። አድራሻው ሰባት ቢት ስለሆነ 128 ቁጥሮች ይገኛሉ፤ 16ቱ ለልዩ አገልግሎት ተይዘው 112 ይቀራሉ። አምራቾች ግን እየተደራረቡ አንዱን ቁጥር ይመርጣሉ። ዲኤስ3231 የተባለው የሰዓት ቺፕና ኤምፒዩ6050 የተባለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ሁለቱም በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 68 ላይ ይቀመጣሉ። የኋለኛውን አንድ ፒን ከፍ በማድረግ ወደ 69 ማዛወር ይቻላል። አድራሻው የማይቀየር ሴንሰር ሲገጥም መስመሩን በስምንት ቅርንጫፍ የሚከፍለው ቲሲኤ9548ኤ የተባለ ቺፕ ያገለግላል፤ የራሱ አድራሻ ግን ከ70 እስከ 77 ስለሆነ 76 ወይም 77 ከሚይዘው ቢኤምኢ280 የተባለ የግፊትና የእርጥበት ሴንሰር ጋር እንዳይጋጭ ማየት ያስፈልጋል።

የአድራሻ ፍተሻ ፕሮግራም በመስመሩ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ቢኤምኢ280 ተብሎ የተገዛ ቦርድ እርጥበት የማይለካው ቢኤምፒ280 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የቺፑ መታወቂያ ቁጥር ሲነበብ በዚያው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 60 ከሆነ ቢኤምኢ፣ 58 ከሆነ ቢኤምፒ ነው። እነዚህ ሴንሰሮች በፋብሪካ የተሞሉ የራሳቸው ማስተካከያ ቁጥሮች አሏቸው፤ የሌላ ቺፕ ላይብረሪ በተሳሳተ ቦታ ካነበባቸው ውጤቱ ቁጥር ይመስላል እንጂ ልኬት አይደለም። ከዝምታ ይልቅ የሚያሳስበው ይኸኛው ነው፤ ማንም ሳይጠራጠር ይመዘገባልና። ከፍታው እዚህ ላይ ይረዳል። በእንጦጦ አናት የአየር ግፊት በግምት 685 ሄክቶፓስካል ነው፣ መስቀል አደባባይ አካባቢ ደግሞ 760 ገደማ። በተራራው ላይ 1013 የሚያሳይ መሣሪያ ላይብረሪው ወይም ስሌቱ ተሳስቷል፤ ዳገቱን ሲወርዱ ቁጥሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነም እንዲሁ።

እውነተኛው የኮድ ግጭት ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ብዙ መልክም አለው። አንዳንዱ ፕሮግራሙ ገና ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ ማለትም ኮምፓይል ሲደረግ፣ ይታያል። ሁለት ላይብረሪዎች ተመሳሳይ የፋይል ስም ሲኖራቸው የአርዱዊኖ መሥሪያ አንዱን መርጦ ሌላውን እንደተወ ያስታውቃል፤ ብዙ ሰው ይህን መልእክት ሳያነብ ያልፈዋል። ኢኤስፒ32 የተባለው ቦርድ የካሜራ ላይብረሪና የአዳፍሩት ኩባንያ የሴንሰር ላይብረሪ አንድ ዓይነት የዳታ ስም በየራሳቸው ትርጉም ስለሚያውጁ በአንድ ፋይል ውስጥ አይስማሙም፤ እያንዳንዱን በተለየ ፋይል ማስቀመጥ ይፈታዋል። በኡኖ ላይ «ቬክተር 24 ሁለት ጊዜ ተተርጉሟል» የሚል ስህተት ከመጣ፣ ዋየር ከተባለው መደበኛ ላይብረሪ ሌላ የአይቱሲውን ኢንተራፕት የያዘ አሮጌ ላይብረሪ አለ ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ መውጣት አለበት።

ሌላው ኮምፓይል አልፎ ሲሠራ ይገለጣል። እያንዳንዱ ላይብረሪ መስመሩን በራሱ ለመክፈት ይሞክራል። በኢኤስፒ32 ላይ ቀድሞ የከፈተው ነባሪዎቹን ፒኖች ከያዘ፣ ተጠቃሚው በኋላ የሚሰጠው ምርጫ ችላ ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ ፒኖቹ ከሁሉም ላይብረሪ በፊት መወሰን አለባቸው። ፍጥነቱን ወደ 400 ኪሎኸርዝ አሳድጎ ሳይመልስ የሚተው ላይብረሪም 100 ብቻ የሚችለውን ጎረቤት ያደናቁራል። ማህደረ ትውስታም ግጭት መስሎ ይመጣል፦ ኡኖ 2,048 ባይት አለው፣ 128 በ64 ነጥብ ያለው ስክሪን ግማሹን ለብቻው ይወስዳል፣ የተረፈው ለሴንሰሮቹና ለጽሑፉ ሳይበቃ ሲቀር ቦርዱ ያለ ምንም ስህተት መልእክት ይቆማል።

ሰው በሌለበት ሌሊት የሚሠራ መሣሪያ አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። ቦርዱ በንባብ መሀል እንደገና ከተነሣ ሴንሰሩ የመረጃ ሽቦውን ዝቅ አድርጎ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ በሰዓት ሽቦው ላይ ዘጠኝ ምት መላክ አብዛኛውን ጊዜ ያስለቅቀዋል። የአርዱዊኖ ዋየር ላይብረሪም ለረጅም ዓመታት መልስ እየጠበቀ ማብቂያ በሌለው ዑደት ይያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የጊዜ ገደብ ተጨመረለት፤ ገደቡ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ ካልታዘዘ አይሠራም።